ስማችን ያለበት ደብተር



የሴቶች ትምህርት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ልጆቻችን ነው፤ ደግ ነው። ዛሬ ግን ስለ እኛ ስለ እናቶቹ እንናገር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ የአገራችን ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42 ነበሩ። ከወንዶቹ ግን 69።

ይህ በቤታችን ምን ማለት ነው? የመሬት ደብተራችንን እንመልከት። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው የይዞታ ደብተር የባልም የሚስትም ስም ተጽፏል፤ ፎቶግራፋችንም ጎን ለጎን ተለጥፏል። እናቶቻችን ይህን አላገኙም። ነገር ግን መሬቱ ሲከራይ ውሉ ተጽፎ ይነበብልንና አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትማለን። ለስንት ዓመት እንደተከራየ የምናውቀው አንባቢው በነገረን ልክ ነው። ባሏ በሞተባት ወይም በተፋታች ሴት ላይ ነገሩ ይብሳል፤ አንዳንዴ አንባቢው ራሱ መሬቱን ፈላጊ ነውና።

በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስታውሳሉ። ፊደል ቆጥረው ነበር፤ የሚያነቡት ነገር ስላልነበረ ግን ተመልሶ ጠፋባቸው። ዛሬም የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ የሚጎድለን ሰዓት ነው። ክፍሉ ውሃ በምንቀዳበትና እንጀራ በምንጋግርበት ሰዓት ከተከፈተ ማን ይቀመጥበታል? ድንች በሚወጣበት ሰሞንማ ጭራሽ አይታሰብም።

አፋችንን በአውኛ ለፈታነው ሌላም ጣጣ አለ፤ ደብተሩም ውሉም በአማርኛ ነው። ደግነቱ ፊደሉ አንድ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በአውኛ ስለሚማሩ ማታ ማታ እኛን ሊያስቆጥሩን ይችላሉ። ወንዱም ያስቆጥር እንጂ ለሴት ልጃችን ብቻ አንተውላት፤ ድሮውንም ሥራ በዝቶባታል።

ደጋፊዎቻችን፣ ስላመጣችሁልን ደብተርና እስክሪብቶ እናመሰግናለን። ቀጥሎ የምንለምናችሁ በፀሐይ የሚሠራ መብራትና እኛ ስንማር ሕፃናቱን ለምትይዝልን ሴት የሚከፈል ገንዘብ ነው።

አባላት ደግሞ ከሚቀጥለው ቁጠባ ጀምሮ እያንዳንዳችን ስማችንን በመዝገቡ ላይ ራሳችን እንጻፍ። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ለመጀመሪያው ትምህርት ስንመጣም የመሬት ደብተራችንን ይዘን እንምጣ፤ ንባቡን ከዚያ እንጀምራለን።