ዓባይ ላይ ከመቅዘፋችን በፊት

እሑድ ባሕር ዳር ላይ አብረን ልንቀዝፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥቂት ነገር እንነጋገር።

ስለ ዓባይ ያልዘፈነ፣ ያልፎከረ የለም። በእጁ ቀዝፎበት የሚያውቀውስ ስንቱ ነው? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ፣ ጥቂት ነን።

አሁን ደግሞ ዋና የማይችል እጁን ያውጣ። ይሄኛው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ጓደኞቹ ፊት «አልችልም» ማለት የሚያፍር ብዙ ነው። ግን ጀልባ ቢገለበጥ ማን ዋና እንደማይችል ካላወቅን መጀመሪያ ማንን እንያዝ? ስለዚህ ከአሁኑ ንገሩን። ዋና የማይችል አይቀርም፣ ይመጣል፤ ከሚችል ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ላይፍ ጃኬት ግን ዋናተኛውም ይለብሳል። ጃኬት ካነሰ ተሳፋሪ እንቀንሳለን እንጂ ያለ ጃኬት ማንም አይሳፈርም። በቃ፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

የምንቀዝፈው ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ከጨራ ጨራ ግድብ በላይ ነው። ውሃው ረጋ ያለ ይመስላል፤ አይሸውዳችሁ። መቅዘፍ ስታቆሙ ጀልባው ቀስ ብሎ ወደ ግድቡ ይሳባል። ስለዚህ ጉልበት ሳለን መጀመሪያ ወደ ጣና አቅጣጫ፣ ፍሰቱን ተቃውመን እንሄዳለን፤ ሲደክመን ውሃው ይመልሰናል። ዝናብ ቆሟል ብላችሁም አትዘናጉ፤ የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው።

ጉማሬም አለ። ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባ ጉድ ይሆናል። የት እንዳለ የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከፊት በታንኳ የሚመራን የነገደ ወይጦ ሰው ነው። ከደንገል ታንኳ የመሥራቱን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩልን እነሱ ናቸው፤ ለዘመናት የተከፈላቸው ግን ንቀት ነበር። አባታችን «ተመለሱ» ካሉ እንመለሳለን፤ እኔም ብሆን ከእሳቸው በላይ ቃል የለኝም።

አቀዛዘፉ ላይ ጉልበተኛ ነኝ የሚል ያስቸግራል። አንዱ ብቻውን ሲፈጥን መቅዘፊያዎቹ ይጋጫሉ፣ ጀልባውም ይዞራል። ሁላችሁም ከፊት የተቀመጠውን ሰው ትከሻ እያያችሁ እኩል ንከሩ፣ እኩል አውጡ። ከፊት የምናስቀምጠው ደግሞ ፈጣኑን ሳይሆን ምቱን የማያዛባውን ነው። ክንድ ብቻውን ቶሎ ይዝላል፤ ከወገባችሁ ሳቡ። ከባድ ሰው መሀል ይቀመጥ።

ባንዲራው? ይኖራል እንጂ! ግን ከጀልባው ጀርባ ይታሰራል። ለቪዲዮ ብሎ ቆሞ የሚያውለበልብ ሰው ስድስት ሰው ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ፎቶው ዳር ላይ ይነሳል።

ከተገለበጣችሁ ጀልባውን አትልቀቁ፤ ዳሩ ቅርብ ቢመስልም ለብቻችሁ አትዋኙ። ከመነሳታችን በፊት ለእያንዳንዳችሁ ቁጥር እንሰጣለን፤ «ቁጠሩ» ሲባል ሁሉም ቁጥሩን ይጮኻል። ዝም ያለ ቁጥር ካለ የምንፈልገው ማንን እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ከውሃ እንወጣለን። መነሻችን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ቁርስ በልታችሁ፣ የሚጠጣ ውሃና ቅያሪ ልብስ ይዛችሁ ኑ። ዋና የማትችሉ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ማታ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ስማችሁን ለማንም አናወጣም።