የነጠፈ ብዕር እንዴት ይመለሳል?

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የነጠፈችን ላም ባለቤቷ ወዲያው ለቢላዋ አያቀርባትም። መኖዋን ያያል፤ ውኃዋን ያያል፤ ጥጃዋ የት እንዳለ ይመለከታል። የነጠፈ ብዕር ግን ይህን ያህል ርኅራኄ አያገኝም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈርድበት ራሱ ባለብዕሩ ነው፤ ይኸውም፣ «ስጦታዬ አለቀ፤ ድሮም አልነበረኝ ይሆናል» እያለ ነው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። ማልዶ ከኮልፌ አጠና ተራ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ፣ ቀኑን በማስተማር ወይም በጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያሳልፍ፣ ሲመሽ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን የትምህርት ክፍያ፣ የታመሙ እናቱንም የመድኃኒት ዋጋ የሚያሰላ ደራሲ ከዚህ ማኅበር አባላት መካከል አይጠፋም። ሌሊት ወረቀቱን ሲዘረጋ ዓይኑ ይከደናል። በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለተኛው ይደገማል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ቢገኝ እንኳ ፍላጎቱ ራሱ የሸሸ ይመስላል። የዛሬው ጥያቄ እንግዲህ፣ ኑሮ መንገዱን የዘጋበት ደራሲ ወደ ሥራው የሚመለሰው በምንድን ነው? የሚል ነው።

ኮልፌ ለዚህ ጥያቄ አንድ ያልታሰበ ምስክር አላት። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ፣ በዚያን ጊዜ ከከተማው ዳር በነበረው በኮልፌ የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ሰፈር ገብተው የጦር ትምህርት ተማሩ። ስድስት ወር እንዲቆዩ ታቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ገና በጥቂት ሳምንታት ከድርጅታቸው በደረሳቸው ጥሪ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻም ተያዙ። በአፍሪካ ጉዟቸው የያዙት የዕለት ማስታወሻ በፖሊስ እጅ ወድቆ በሪቮኒያው ችሎት ማስረጃ ሆነባቸው። ጽሑፍ እንዲህ ለከፋ አደጋ የዳረገው ሰው ዳግመኛ ብዕር ባያነሣ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በሮበን ደሴት እስር ቤት ሳሉ፣ ዋልተር ሲሱሉና አሕመድ ካትራዳ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፉ፣ መጽሐፉም ለ60ኛ ዓመት ልደታቸው እንዲደርስ አሳሰቧቸው። ማንዴላ ሌሊት እየጻፉ፣ ቀን እየተኙ በአራት ወር ገደማ ረቂቁን ጨረሱ። ጓደኞቻቸው በየኅዳጉ አስተያየት አሰፈሩበት፤ ላሉ ቺባ በደቃቅ ጽሕፈት ገለበጠው፤ ማክ ማሃራጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲፈታ ቅጂውን ደብቆ ይዞ ወጣ። በእስር ቤቱ ግቢ የተቀበረው ረቂቅ ግን ግንብ ለመሥራት ሲቆፈር ተገኘ፤ ማንዴላና ሁለቱ ጓደኞቻቸውም የትምህርት ፈቃዳቸውን ለአራት ዓመታት ተነጠቁ። 60ኛው ልደት ያለ መጽሐፍ አለፈ። መጽሐፉ ለአንባቢ የበቃው ከ16 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ከዚህ ታሪክ ሊጤን የሚገባው ፍላጎቱ ከየት እንደ መጣ ነው። ማንዴላ መንፈስ እስኪነሣሣ አልጠበቁም። ሁለት ሰዎች «ጻፍ» አሏቸው፤ ቀንም ቆረጡላቸው፤ የተጻፈውን ተቀብለው አነበቡ። ከዚህ በኋላ ሥራው የአንድ ሰው ሸክም መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው ምስክር ከአገር ቤት ነው። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚቼል ታላቅ ልብ ወለድ እጃቸው ገባ። መጽሐፉ ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፤ መጻፊያ ወረቀት ግን አልነበረም። ስለዚህ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት እያጠራቀሙ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ሥራው ወደ 3,000 የሚጠጋ ቁራጭ ወረቀት ፈጀ። የተተረጎመውን ለእስረኞች ያነቡላቸው ነበር። ቁርጥራጩም በሚፈቱ እስረኞች እጅ ተደብቆ ወጣ፤ ተርጓሚውም ከተፈቱ በኋላ ከየቦታው ሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለኅትመት አበቁት። የሲጋራ ወረቀት መጽሐፍ አይችልም፤ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ግን ይችላል። አድማጩም «ከዚያስ?» ብሎ ስለሚጠብቅ የነገው ቁራጭ ባዶ ሆኖ አይቀርም።

ሦስተኛው ምስክር ለዘገየው መጽናኛ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በወረራው ዘመን ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ብዙ ዓመት በዲፕሎማሲና በሚኒስትርነት አገለገሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ያ ሁሉ የመንግሥት ሥራና እስር ባይኖር መጽሐፉ ቀድሞ ይወጣ ይሆናል፤ የዘገየ ሥራ ሁሉ የሞተ ሥራ አለመሆኑን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም።

ከነዚህ ታሪኮች ተነሥቶ መከራ የድርሰት እናት ናት ማለት ከባድ ስሕተት ይሆናል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ካሳተሙ በኋላ በ1976 ዓ.ም. የገቡበት ሳይታወቅ ቀርተዋል። ሊጽፉት የሚችሉት ሁሉ አብሯቸው ቀረ። እስር ቤት ከጻፈው ያስቀረው ይበልጣል፤ ችግርም እንዲሁ። ስለዚህ ያልጻፈውን ሰው ሰነፍ ብሎ ማለፍ ቀላል ፍርድ ነው። አስታማሚ ሰው፣ ሐዘንተኛ ሰው፣ ለልጆቹ እንጀራ የሚሯሯጥ ሰው የሚያርፍበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ያም ጊዜ በጥፋት ሊቆጠርበት አይገባም።

ዕረፍቱ ካበቃ በኋላስ? ምስክሮቹ በአንድ ቃል የሚነግሩት አለ። አንደኛ፣ ልኩን ማሳነስ ነው፤ «መጽሐፍ እጽፋለሁ» የሚለው ሐሳብ የደከመን ሰው ያስፈራል፤ አንድ ቁራጭ ወረቀት ግን አያስፈራም። ሁለተኛ፣ የሚጠብቅ አንባቢ መያዝ ነው፤ አንድ ሰውም ይበቃል። ሦስተኛ፣ አሮጌውን ረቂቅ አለመጣል ነው፤ ከሣጥን አውጥቶ በእጅ ደግሞ መገልበጡ ብቻ እንኳ የተረሳውን ድምፅ ለጆሮ ይመልሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማኅበሩ ድርሻ ነው። ማኅበር ያሳተመውን አባል ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ዝም ያለውን አባል መጠየቅ ግን ከዚያ የሚበልጥ ግዴታው ነው። በሮበን ደሴት ሁለት እስረኞች ለአንድ ጓደኛቸው ያደረጉትን፣ በማዕከላዊም አድማጮች ለአንድ ተርጓሚ ያደረጉትን፣ ነጻ ሰዎች በአዲስ አበባ ሊያደርጉት አያቅታቸውም። ከኮልፌም ይሁን ከሌላ ሰፈር፣ ከስብሰባ መቅረት የጀመረ ባልደረባ ካለ፣ በሩን አንኳኩቶ «ያ ጽሑፍ የት ደረሰ?» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ጥያቄው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ምናልባትም መልሱ አንድ መጽሐፍ ይሆናል።