ተሽከርካሪና መልካ



ድልድይ ለመሥራት ጥናት የሚወጣ ቡድን ወንዙን የሚሻገረው ያለ ድልድይ ነው። መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በየመልካው ሾፌሩን አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ውሳኔው ዘወትር ለድፍረትና ለሞተር ጉልበት ይተዋል፤ በመሠረቱ ግን የስሌት ጉዳይ ነው።

2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 4.5 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት ያለው መኪና እንደ ዝግ ሣጥን ይታሰብ። ውሃው ከወለሉ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 765 ኪሎ ግራም ያህል ያነሣለታል፤ 26 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መኪናው ይንሳፈፋል። በበሮቹ የሚሰርገው ውሃ ይህን ያዘገየው እንደ ሆነ እንጂ አያስቀረውም። ጎማ መሬት የሚይዘው በክብደት ነውና፣ ክብደቱን ላጣ መኪና አራቱም ጎማዎች ቢሽከረከሩ አይጠቅሙትም። የወራጁም ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ጠንቃቃ ሾፌር አስቀድሞ ይወርዳል። የውሃውን ጥልቀት፣ የወለሉን ጥንካሬና የመውጫውን ዳገት ይመረምራል፤ ሰው በእግሩ በደኅና የማይሻገረውን ወራጅ በመኪና አይደፍርም። ከገባም በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ፣ መሐል ላይ ማርሽ ሳይቀይር ያልፋል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና፣ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላውን ያጎብጣል። ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጥ በማድረግ ያደርቃል፤ የዲፈረንሺያሉ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ይለወጣል።

ይሁን እንጂ መልካው ላይ የሚታየው ውሃ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። በድሬዳዋ ከተማ የሚያልፈው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። የወንዝ ሁኔታ የሚነበበው ከመልካው ሰማይ ሳይሆን ከምንጩ ሰማይ ነው።

ብዙ ጊዜ ሾፌሩን የሚያጣድፈው ከጎኑ የተቀመጠው ባለሙያ ነው፤ የሥራው ቀነ ገደብ ያለው በእርሱ እጅ ነውና። ስለሆነም የመስክ ኃላፊ ከመነሻው ሁለት ነገር ሊወስን ይገባዋል፦ ጎርፉ እስኪጎድል የሚጠበቅበትን ቀን በፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት፣ ሾፌሩም «አይቻልም» ባለ ጊዜ ቃሉን ያለ ክርክር መቀበል። ድልድይ ሲነደፍ ለደኅንነት የሚተወው ትርፍ አቅም፣ ድልድዩን ሊነድፉ ለሚሄዱት ሰዎች ሊነፈግ አይገባም።