ተከራይም ምስክር ነው

ዛሬ የምናወራው ስለ ቤት ኪራይ ነው። “ፓስተር፣ ይሄ ደግሞ ስብከት ነው?” ትሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ሐዋርያው ጳውሎስ እኮ ተከራይ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 28፥30ን ስታነቡ፣ ሮም ውስጥ ቤት ተከራይቶ 2 ዓመት እንደ ተቀመጠ፣ እንግዶቹንም እዚያው እንዳስተናገደ ታገኛላችሁ። ያ የኪራይ ቤት የወንጌል ቤት ሆነ።

እስቲ የራሴን ልናገር። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ቆጣሪው የጋራ ነው። ስምምነታችን በአፍ ነበር፤ አምፖል እንጂ ምድጃ አይሰካም። እኔ ግን ምድጃ ገዛሁ። የአከራዬ ኮቴ ሲሰማ አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ። ከዚያ ተንበርክኬ እጸልያለሁ! የመብራቱ ሂሳብ ሲጨምር እማማ እኔን አልጠረጠሩም። “እሱማ የጸሎት ልጅ ነው” አሉ። ጎረቤቴን፣ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድገውን እህት ግን “በካውያሽ ነው” ብለው ቤቱን እንድትለቅ ነገሯት።

በዚያች ሌሊት ጸሎት እምቢ አለኝ። ጠዋት ምድጃውን ይዤ እማማ ፊት ቆምኩ። የጨመረውን ሂሳብ በሦስት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ እህታችንንም ይቅርታ ጠየቅኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቤቷ አልወጣችም። እማማ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ “የጸሎት ልጅ” ብለው አልጠሩኝም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እናንተስ? ኪራይህን በቀኑ ክፈል። ከጎደለብህ ቀኑ ሳይደርስ ሄደህ ተናገር እንጂ ስልክህን አትዝጋ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ጣሪያ ሲያፈስ “የእኔ ቤት መቼ ሆነና” አትበል፤ ቶሎ አሳውቅ። ልጅህ የሰበረውን መስታወት አንተ አስገባ፤ በዘመን ብዛት ያረጀውን ግን አከራይህ እንዲያስጠግን በትሕትና ጠይቅ። ሚስማር ከመምታትህ በፊት አስፈቅድ። ግቢ የምታጸዳበትን ተራ አትዝለል። ቤትህ ኅብረት ስታደርግ ከግድግዳው ማዶ የተኛውን ሕፃን አስብ፤ ጌታ በዝግታም ይሰማል።

ውልህም በጽሑፍ ይሁን። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ተጽፎ እንዲመዘገብ ያዛል። “ለግብሩ ብለን ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ” ብትባል ፈተናው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤት መፈለግ ቀላል አይደለም። ቢሆንም በሐሰት ላይ አትፈርም።

ስትለቅ ቤቱን ጠርገህ፣ የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ሂሳብ ከፍለህ፣ ቁልፉን በእጃቸው አስረክብ። ነገ ያንን በር የሚያንኳኳ ሌላ አማኝ አለ። በአንተ የተነሳ “ለጴንጤ አላከራይም” እንዳይባል።

አልጋህ ሥር የደበቅኸው ምድጃ ካለ ዛሬ አውጣው። ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።