መጽሐፍ ያነቃል፣ ሰው ያሻግራል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ በሚነገርበት በዓል ላይ ስለ ልብ ወለድ መነሳቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የሚያነብ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

አሜሪካዊው ጃክ ሎንደን እ.ኤ.አ. በ1897 በ21 ዓመቱ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካናዳ፣ ክሎንዳይክ ሄደ። በዚያ ያሳለፈው አንድ የበረዶ ወራት ብቻ ነው። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ታሞ በ1898 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1903 «የዱር ጥሪ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ ከሞቀ ቤት ተሰርቆ የበረዶ ጋሪ እንዲጎትት ስለተሸጠ፣ በመጨረሻም ከተኩላዎች ጋር ስለተቀላቀለ ባክ ስለሚባል ውሻ ነው።

የሎንደንን ድርሰቶች አጥብቀው ከወደዱት ወጣቶች አንዱ ክሪስቶፈር ማካንድለስ ነበር። በ1990 ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቀ ወደ 24 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ቁጠባውን ለኦክስፋም ለግሶ በየአገሩ መዞር ጀመረ። በሳውዝ ዳኮታ በአንድ የእህል ጎተራ ተቀጥሮ ሲሠራ በትጋቱ ተወደደ። ልቡ ግን አላስካ ነበር። በሚያዝያ 1992 ጥቂት ሩዝ፣ አንድ ጠመንጃና መጻሕፍት ይዞ ብቻውን ጫካ ገባ። ዝርዝር ካርታ አልያዘም።

በሰኔ ትልቅ አጋዘን መሰል አውሬ ገደለ። ሥጋውን በጭስ ለማቆየት ቢደክምም ትል ቀደመው። የአላስካ አዳኞች ግን ሥጋን በስሱ ዘልዝለው በነፋስ ያደርቃሉ። ይህ ቋንጣ ለሚያውቅ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ ለመመለስ ሲነሳ ቴክላኒካ ወንዝ ሞልቶ አገደው። 1 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በገመድ የሚሳብ መሻገሪያ ነበር፤ እርሱ ግን አላወቀም። ወደ መጠለያው ተመለሰ፤ በነሐሴም በረሃብ ደክሞ በ24 ዓመቱ አረፈ።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ አይገባም። ወጣቱ ሌሎች መጻሕፍትም አንብቧል፣ የቤተሰብ ቅሬታም ነበረው። ለድሃ የማዘን፣ ያለ ሀብት የመኖር ድፍረቱም ከንባቡ ጋር የተያያዘ ነው። ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አልፏል። ባክ በመጀመሪያው የብርድ ሌሊት መተኛ ሲያጣ፣ በረዶ ቆፍሮ ውስጡ መተኛትን የተማረው ከጓደኞቹ ውሾች ነው። ውሻው እንኳ ዱርን ብቻውን አልተማረም።

እንግዲህ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ሲገኝ «ሥራ ፈት» ብሎ መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም። «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ መሻገሪያው የት እንደሆነ የሚያውቅ አባት ያንን ለልጁ ይንገር፤ ልጁም ያነበበውን ለአባቱ ያንብብ። ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ከ7ቱ ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ ነውና በየመሠረታዊ ማኅበሩ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ቢኖር ከዓላማው አይወጣም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ዕውቀትም እንዲሁ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!