ማህፀን ከወጣ በኋላ



ስለ ማህፀን በር ነቀርሳ በየስብሰባችን ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናገረው የቀዶ ሕክምናው ክር ከተፈታ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ከደብረ ታቦር ደጋ ተነሥታ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ታክማ የተመለሰች ሴት «ተሻለሽ ወይ?» ብቻ አትባልም፤ «ምንሽን አወጡት?» ትባላለች። በመሸኛ ወረቀቷ ላይ ግን ለዚህ መልስ አይገኝም።

ማህፀኗ የወጣ ሴት የወር አበባ አታይም፤ አትፀንስም። ይህን ያልተነገራት፣ ደሙ የት ይጠራቀም ይሆን እያለች ትጨነቃለች። የእንቁላል ዕጢዎቿም አብረው ወጥተው እንደሆነ፣ ወጣት ብትሆንም ድንገተኛ ትኩሳትና ላብ ይነሣባታል፤ በሽታው የተመለሰ ይመስላታል። ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር አስቀድሞ፣ በሥዕልም ቢሆን፣ ማሳየት ይገባል።

ስለ ባል ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ሳትወልድ ማህፀኗ የወጣ ሴት ፍቺን ብትፈራ አይፈረድባትም። ባልየውም በበኩሉ ይጋባብኛል ወይም እጎዳታለሁ ብሎ መኝታ ይለያል፤ እርሷ ግን «ተጸየፈኝ» ብላ ትተረጉመዋለች። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ነቀርሳው አይጋባም። መነሻው የሆነው ፓፒሎማ ቫይረስ በግንኙነት ቢተላለፍም፣ አብዛኛው ሰው በዕድሜው የሚያገኘውና በብዛት በራሱ የሚጠፋ ስለሆነ፣ የማንም አመንዝራነት ማስረጃ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ክትባቱ ለልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምርም ጨዋና ባለጌ ተብሎ አልተለየም። ሐኪም ቁስሉ መዳኑን ካረጋገጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ግንኙነት መቀጠል እንደሚቻል ለባልና ሚስት በአንድነት ይነገራቸው። ጨረር የወሰደች እንደሆነ ብልቷ ሊጠብና ሊደርቅ እንደሚችል፣ ለዚህም መላ እንዳለው መንገር ነውር አይደለም።

ዘመዶቿ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስዷት ማሰባቸው አይቀርም። ይህን እንደ ድንቁርና የሚቆጥር ባለሙያ ታካሚውን ያጣል። ቁስል ሳይድን መነከር ግን ለመመርቀዝ ያጋልጣል፤ በጨረር የተነካ ቆዳም በሙቀት ይጎዳል። «አትሂጂ» ከማለት «ሐኪም ካየሽ በኋላ ሂጂ» ማለት ይሻላል። ከሴቶች ጋር ተቀምጣ መጨዋወቷ ራሱ ከቤት ጥግ ያወጣታል፤ በደሙና በጠረኑ አፍራ ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት የራቀች ሴት፣ ደሙ ስለ ቆመ ብቻ ወዲያው አትመለስምና።

አዲስ ደም ካየች፣ እግሯ ካበጠ ወይም ሽንት ካስቸገራት ሳትዘገይ እንድትመለስ ለአስታማሚዋም ይነገር። የቀጠሮው ቀን «ከሚካኤል ማግሥት» እየተባለ ቢነገር ከቁጥሩ ይልቅ ይታወሳል።