አዲስ መሣሪያና የመዋዕለ ሕፃናት ዕጩ መምህር



ስለ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ በተነገረ ቁጥር አሳብ ሁሉ ወደ ዋጋውና ወደ ብዛቱ ይሮጣል። መሣሪያውን በሕፃናት ፊት የሚይዘው ዕጩ መምህር እንዴት ተዘጋጅቶ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ግን ዕቃው ከተገዛ በኋላ ይነሣል፤ መነሣት የሚገባው አስቀድሞ ነበር።

የሕፃናት ትምህርት ከመሣሪያ ተለይቶ አያውቅም። ፍሪድሪሽ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን አገር በብላንከንቡርግ ሥራውን ሲጀምር ለሕፃናት ያቀረበው ኳስና ከእንጨት የተሠሩ ቅርጾችን ነበር። ማሪያ ሞንተሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤት ከከፈተች በኋላ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣት እያስዳሰሰች አስተምራለች። ሁለቱም መሣሪያውን ብቻ ሠርተው አልተዉም፤ የሚሠራበትን መምህር ጭምር አሠለጠኑ።

በኢትዮጵያም የቄስ ትምህርት ቤት የፊደል ገበታ አለው። ሕፃኑ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ሂ ሲል ከሰነበተ በኋላ ዜማው በአፉ ይገባና፣ ዓይኑ ፊደሉን ሳያይ ምላሱ ሊቀድም ይችላል። ይህን የሚገልጠው አቡጊዳ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እየተባለ ሲወረድ ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ፣ በቃሉ የያዘና በዓይኑ የለየ ልጅ ያን ጊዜ ይታወቃሉ። ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ይህን ጥበብ እንደ አሮጌ ነገር ማለፋቸው ያሳዝናል።

ምክንያቱም ዛሬ ያው ነገር በአዲስ መልክ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወሎንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ያለ መምህር ታብሌት አደለ። ሕፃናቱ ማሸጊያውን ራሳቸው ከፍተው እንዳበሩት፣ በሁለት ሳምንትም የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር መዘመር እንደ ጀመሩ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግሯል። የሕፃን ብልሃት የሚደነቅ ነው። ሆኖም መዝሙሩን መዘመርና ፊደሉን መለየት ሁለት ነገር መሆኑን ሀ ሁ ያስቈጠረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ዕጩው መማር ያለበት መሣሪያውን ማብራት ብቻ አይደለም፤ ማብራቱንማ ሕፃኑም ይችለዋል። መማር ያለበት መዝሙሩን በመካከል አቁሞ፣ አንዱን ፊደል ነጥሎ መጠየቅን፣ ያንኑም በአሸዋ ላይ ማስጻፍን ነው።

ከሌላ አገርም ምሳሌ ይገኛል። በዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው የሕፃናት የሬዲዮ ትምህርት፣ ድምፁ ይጠይቅና ጥቂት ዝም ይል ነበር፤ በዚያ ዝምታ ሕፃናቱ ይመልሱ፣ ያጨበጭቡ፣ ይዘሉ ነበር። ሬዲዮው ግን መልሳቸውን አይሰማም። ልጁ ተሳስቶ ቢመልስም «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። ማን በራሱ እንደ መለሰ፣ ማን ከጓደኛው አፍ እንደ ተቀበለ የሚለየው አጠገባቸው የቆመው ሰው ነው። ያ ጥቂት ሴኮንድ በማሠልጠኛው ውስጥ ደጋግሞ ሊሠራበት ይገባል።

ጊዜውንም መመጠን ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ስክሪን እንዳይመለከት፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል።

ታብሌቱ ይሰበራል ተብሎ በቁም ሣጥን ተቈልፎበት፣ ዕጩው ስለ እርሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል የሚማር ከሆነ ሥልጠናው ከንቱ ነው። አንድ መሣሪያ እንኳ ቢኖር ለልምምድ ይበቃል። ሁለት ዕጩዎች አብረው ይገባሉ፤ አንዱ መሣሪያውን ይዞ ያስተምራል፤ ሁለተኛው ጀርባውን ለመሣሪያው፣ ፊቱን ለሕፃናቱ ሰጥቶ ማን እንደ መለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ በስም በስማቸው ይመዘግባል። በማግሥቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አይቀርምና፣ በሦስተኛው ቀን መሣሪያው ተዘግቶ ያው ትምህርት በቆርኪና በጭቃ ይሰጣል፤ የሦስቱም ቀን መዝገብ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ከአሠልጣኙ ጋር ይመረመራል።